ተራው እግረኛ እንዴት ይዋጋል? የታሪክ ጦርነት ጌም ለሚመርጥ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ ብዙ በማይርቅ ቦታ አነስተኛ ጌም ቤት አለኝ። አብዛኛው ደንበኛዬ የሚመጣው ለእግር ኳስ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ጆይስቲክ ይዘው ይቀመጣሉ፣ የተሸነፈው ይነሣል፣ ተረኛው ይተካል። ክረምት ገብቶ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ግን ረዘም ላለ ሰዓት ብቻቸውን የሚጫወቱት ነገር የሚጠይቁ ይበዛሉ፤ ከሚጠየቁትም መካከል በርከት ያሉት በታሪክ ላይ የተመሠረቱ የጦርነት ጌሞች ናቸው። ባለፈው ሐምሌ ዕድሜው ከዐሥራ አራት የማይበልጥ አንድ ልጅ ጃንጥላውን በሩ ላይ እያራገፈ ገባና፣ «ጋሼ፣ ጠላቱ የሚፈራበት ጌም የለዎትም?» ሲል ጠየቀኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሲያስረዳኝ፣ የአጎቱ ልጅ ቤት ሲጫወትበት በከረመው ጌም ውስጥ ኻያ ሰው በፊታቸው ሲወድቅ ያዩ ወታደሮች፣ ኻያ አንደኛው ሟች ለመሆን እየተሻሙ ስለሚመጡበት ሰልችቶት ነበር።

ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ መነሻ ጥያቄ አላውቅም። ገዢው ዘወትር የሚያየው ሽፋኑን ነው፤ ሽፋኑ ላይ ደግሞ ያለው ጀግናው ወይም ንጉሡ ነው። ነገር ግን ጌሙን ለመጨረስ ሠላሳና አርባ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ ከንጉሡ ጋር የሚገናኙት ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን የቀረውን ጊዜ ሁሉ የሚያሳልፉት ስም ከሌለው፣ ጦርና ጋሻ ይዞ በር ከሚጠብቀው፣ ከሞተም በኋላ ማንም ከማያስታውሰው ተራ እግረኛ ጋር ነው። እርሱ በቅጡ ያልተሠራበት ጌም፣ ቤተ መንግሥቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ጌሞች የማወዳድራቸው በተራ ወታደራቸው ብቻ ነው።

መፈተኛዬ ቀላል ነው። ሦስት ወይም አራት ወታደሮች ወዳሉበት እገባለሁ፤ ከዚያ መሣሪያዬን አንሥቼ እየተከላከልሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማንንም ሳልመታ አያቸዋለሁ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር ይታወቃል። በብዙ ጌሞች ወታደሮቹ ዙሪያውን ከብበው ይቆሙና አንዱ ሲመታ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ የማጥቃት ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ወይም ለሁለት ብቻ ስለሆነ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አራቱም በአንድ ላይ ቢመቱ ተጫዋቹ በሦስት ሰኮንድ ውስጥ ያልቃል። ጥበቡ ተረኝነቱን መደበቅ ላይ ነው። ቀጥሎ አንዱን ጥዬ የቀሩት ምን እንደሚያደርጉ እመለከታለሁ። በመጨረሻም የለበሱት ልብስ ትርጉም እንዳለው፣ ማለትም ጥሩር የለበሰውና ሸማ የለበሰው ለአንድ ዓይነት ምት አንድ ዓይነት መልስ ይሰጡ እንደሆነ አያለሁ።

ሺህ ሰው የሚታጨድባቸው

«ዳይናስቲ ዋሪየርስ» የተባለው የጃፓኑ የኮኤይ ኩባንያ ተከታታይ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚፋለሙበት ነበር፤ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2000 ለፕሌይስቴሽን 2 በወጣው በሁለተኛው ክፍል ነው። ታሪኩ የቻይና ሦስቱ መንግሥታት ዘመን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም እ.ኤ.አ. በ184 ከተነሣው ከቢጫ ጥምጣሞች ዐመፅ ነው። ተጫዋቹ አንድ ዝነኛ የጦር አለቃ ይሆንና እግረኛውን በመቶ ይጥላል፤ ቁጥሩ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይደመራል፣ ሺህ መሙላትም ራሱን የቻለ ማዕርግ ነው።

በእኔ መፈተኛ ይህ ጌም ይወድቃል። አንድ ደቂቃ ዝም ብዬ ስቆም አብዛኞቹ ጦራቸውን ቀስረው ይንቀጠቀጣሉ፤ አልፎ አልፎ አንዱ ደፈር ብሎ ይወጋኛል፣ የወጋኝም ብዙ አይጎዳኝም። ሆኖም ስንፍና ብዬ አልፈርደውም፤ እዚህ ተራው ወታደር ለተጫዋቹ ተቃዋሚ ሳይሆን ማሳ ነው። ትክክለኛው ፈተና ካርታው ላይ ያለው ነው፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ወዳጅ አለቃ ሊሸነፍ ሲል ደርሶ ማዳን፣ በምዕራብ በኩል ያለውን ሰፈር መያዝ፣ የትኛው ይቅደም የሚለውን በሩጫ ላይ መወሰን። ወታደሩ መንገድ የሚያዘገይ ቁጥቋጦ ነው ማለት ይቻላል። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው፣ ወይም ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንድ ስክሪን ሊጫወት የሚፈልግ ሰው ከቀድሞዎቹ ክፍሎች አንዱን ቢይዝ አይጸጸትም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የወጣው «ኦሪጅንስ» የሚለው ክፍል ሠራዊቱን የበለጠ አግዝፎታል፤ ነገር ግን ለአንድ ተጫዋች ብቻ ስለሆነ ለሁለት የሚቀመጡት አይፈልጉት።

ጎራዴና ጋሻ በቅርብ ርቀት

«አሳሲንስ ክሪድ» እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ተጫዋቹን እ.ኤ.አ. ወደ 1191 የመስቀል ጦርነት ወስዶ በኢየሩሳሌም፣ በደማስቆና በአክር ጎዳናዎች ላይ ያንሸራሸር ነበር። የከተማው ዘቦች ተራ መጠበቃቸው እስከ ዛሬ ድረስ መቀለጃ ነው። ዐሥር ሰው ይከብብሃል፤ አንዱ ይሰነዝራል፣ አንተ መመከቻውን በትክክለኛው ሰዓት ተጭነህ ትገድለዋለህ፣ ዘጠኙ ቆመው ያያሉ፣ ከዚያ ሁለተኛው ይመጣል። ወረፋ ይዞ ቢሮ በር ላይ እንደቆመ ባለጉዳይ ናቸው።

ከዐሥር ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ኦሪጅንስ» (ስሙ ከላይኛው የቻይና ጌም ጋር ስለሚመሳሰል ሲያስቀዱ ይጠንቀቁ) የውጊያውን ሥርዓት ከመሠረቱ ለውጦታል። ቦታው የጶጥሎማውያን ግብፅ፣ ዘመኑ የክሊዮፓትራ ነው፤ ምቱ የሚያርፈው መሣሪያው በእርግጥ ከነካ ብቻ ነው፣ ጋሻ የያዘውም ከፊት አይበገርም። ችግሩ ሌላ ቦታ ተፈጠረ። እያንዳንዱ ወታደር ከራሱ በላይ የደረጃ ቁጥር አለው። በአንዱ አውራጃ በሁለት ምት የጣልሁት ጦረኛ፣ ተመሳሳይ ልብስ ለብሶ፣ ተመሳሳይ ጦር ይዞ በሌላ አውራጃ ሲያጋጥመኝ ቁጥሩ ከእኔ በብዙ ስለሚበልጥ ብቻ ኻያ ምት አይበቃውም፤ እርሱ ግን በአንድ ምት ይጥለኛል። የለበሰው ጥሩር ሳይሆን የተሰጠው አኃዝ ነው የሚከላከልለት። ታሪክ ለሚወድ ሰው ይህ ያናድዳል። «ፊላኬስ» ተብለው በየበረሃው እየዞሩ ተጫዋቹን የሚያሳድዱት ኃይለኛ ተዋጊዎችም ስማቸው የሚያስታውሰው በጶጥሎማውያን ዘመን የነበሩትን ፖሊሶች ነው፤ ጌሙ የመንደር ዘበኛውን አሳድጎ አስፈሪ አዳኝ አድርጎታል። ሆኖም አገሩን፣ ቤተ መቅደሱንና ዐባይን በእግር እየዞረ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል፤ ውጊያ የሌለበት የጉብኝት ክፍልም አለው።

ለልጁ መጀመሪያ ያስጀመርሁት «ጎስት ኦፍ ሱሺማ»ን ነበር። ሳከር ፓንች የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2020 ለፕሌይስቴሽን 4፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ለኮምፒውተር ወጥቷል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1274 የሞንጎሎቹ ገዢ የኩብላይ ካን ሠራዊት የጃፓንን የሱሺማ ደሴት መውረሩ ነው። መፈተኛው ደቂቃ እዚህ ላይ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። አራት ሰዎች እሳት ከበው ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩኝ ጋሻ የያዘው ከፊት መጣ፣ ባለ ጦሩ ከጎኑ ቆሞ በረጅሙ ወጋ፣ ግዙፉ ሰውዬ ሳይቸኩል ወደ ግራ ዞረ፣ ቀስተኛው ደግሞ ከኋላ ጮኸ። ያ ጩኸት የተሰናዳ ነገር ነው፤ ቀስተኛው ከመልቀቁ በፊት ጓዶቹን ስለሚያስጠነቅቅ ወገኖቹ ይጠነቀቃሉ፣ ተጫዋቹም ጀርባው ላይ ዐይን ያገኛል። ተረኝነቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን የሁለቱ ተራ ስለሚቀራረብና መሣሪያቸው ስለሚለያይ አይታወቅም።

እያንዳንዱ የወታደር ዓይነት የራሱ መፍትሔ አለው። ለጎራዴ ያዥ የድንጋይ አቋም፣ ለባለ ጋሻ የውሃ፣ ለባለ ጦር የነፋስ፣ ለግዙፎቹ የጨረቃ አቋም ይስማማል፤ ተጫዋቹ በአንድ ውጊያ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ አቋሙን ይለዋውጣል። ስለዚህ ተራው ወታደር ቢሞትም ያስተምራል፤ መሣሪያውን አይቶ መለየት ካልተቻለ በእርሱ ላይ ጊዜ ይባክናል። ፍርሃትም አለ፤ ተጫዋቹ ሳይነካ በተከታታይ ብዙ ሰው ሲጥል የቀሩት ይደነግጣሉ፣ አንዳንዱ መሬት ላይ ወድቆ ወደ ኋላ እየተጎተተ ይሄዳል፣ ሌላው ይሮጣል። ልጁ ይህን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ፍርሃቱ የተጫዋቹ ሽልማት እንጂ የወታደሩ ሐሳብ አለመሆኑን ደረሰበት፤ ሲያስፈራሩት ይፈራል፣ ብቻውን ስለቀረ ወይም አለቃው ስለሞተ ሁልጊዜ አይፈራም።

ከታሪክ አንጻር ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሠራዊት ሞንጎል ብቻ አልነበረም፤ ከኮርያና ከሰሜን ቻይና የተመለመለ ብዙ ሰው ነበረበት፣ መርከቦቹም በኮርያ የተሠሩ ነበሩ። ጌሙ ሁሉንም ማለት ይቻላል ሞንጎል አድርጎ አንድ ቋንቋ አናግሯቸዋል። ሁለተኛ፣ ጀግናው የሚይዘው ጎራዴና የሚከተለው የሳሙራይ ሥነ ሥርዓት ከ1274 በኋላ የመጣውን ዘመን ይመስላል። ለመዝናናት የሚጫወት ሰው ይህ አያስጨንቀውም፤ ለታሪክ ትምህርት ብሎ ልጁን የሚያስቀምጥ ወላጅ ግን ማወቅ አለበት።

«ኪንግደም ከም ዴሊቨራንስ» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የቼክ አገር ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፣ ተከታዩም እ.ኤ.አ. በ2025። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1403 ነው፤ የሃንጋሪው ንጉሥ የሲጊስሙንድ ሠራዊት ስካሊትዝ የተባለችውን የብር ማዕድን መንደር ያቃጥላል፣ ተጫዋቹም ከዚያ የሚያመልጠው የቀጥቃጭ ልጅ ሄንሪ ነው። ሄንሪ መዋጋት አያውቅም። መጀመሪያ ላይ አንድ ተራ ሽፍታ እንኳ ይበቃዋል፤ ሦስት ከሆኑ ደግሞ መሮጥ እንጂ ሌላ ምክር የለኝም፣ አንዱ ፊት ለፊት ሲይዘው ሁለቱ ወደ ጀርባው ይዞራሉና።

ልብስ እዚህ ቁም ነገር ነው። ጥጥ የተጠቀጠቀበት ድርብርብ ልብስ፣ በላዩ ሰንሰለት ጥሩር፣ ከዚያ በላይ የብረት ሳህን፣ እንደ ሰውዬው አቅም ይደራረባል። ድርብርቡን ብቻ የለበሰውን በጎራዴ መቁረጥ ይቻላል፤ ብረት የለበሰውን ግን ጎራዴው ይንሸራተትበታልና ራሱ ብረት የሆነ ዱላ ወይም መዶሻ ይፈለጋል። ስለዚህ ገና ከሩቅ ሲታይ፣ ይህ ሰው የራስ ቁር አድርጓል ወይ፣ እጁስ ተሸፍኗል ወይ ብሎ መመርመር ልማድ ይሆናል። ሌላ ጌም ውስጥ ወታደርን በዚህ ዐይን አይቼ አላውቅም። ክፉኛ የቆሰለ ሽፍታ መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ ምሕረት ይለምናል፤ የሚሸሽም አለ። መግደልም መተውም የተጫዋቹ ፈንታ ነው። አንድ ጊዜ ለምኖኝ የተውሁት ሰው የጫማውን መልክ ሁሉ አስታውሳለሁ፤ በሌላው ጌም የጣልኋቸውን ሺዎቹን አላስታውስም።

ጉድለቱ የሚያስቸግር ነው። ካሜራው በአንድ ጠላት ላይ ተቆልፎ ስለሚቀር ከብዙዎች ጋር መዋጋት ከጠላቱ ይልቅ ከጆይስቲኩ ጋር መታገል ይሆናል። ትክክለኛውን የመልስ ምት የተማረ ሰው ደግሞ ከመካከለኛው ክፍል በኋላ ማንንም በቀላሉ ይጥላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፍርሃት አይመለስም።

አዛዥ ሆኖ ማየት

እግረኛው ከላይ ሲታይ ሌላ ሰው ነው። «ቶታል ዋር ሾገን 2» እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፤ እኔ እስከ ዛሬ ከኮምፒውተሬ አላወጣሁትም። ቦታው ጃፓን ነው፣ ዘመኑ መሳፍንቱ እርስ በርስ ይዋጉበት የነበረው የ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ርካሹ ወታደር «ያሪ አሺጋሩ» ይባላል፤ ያሪ ጦር ነው፣ አሺጋሩ ደግሞ በጃፓንኛ «እግረ ቀላል» እንደ ማለት ነው። በታሪክም እነዚህ ከገበሬው የተመለመሉ ነበሩ፤ ጥሩራቸውን ከጌታቸው በውሰት ይቀበሉ ነበር። ጃፓንን አንድ ያደረገው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ራሱ የተራ እግረኛ ልጅ እንደነበረ ይነገራል።

ከዚህ ጌም ያገኘሁት ትልቁ ነገር ርካሹ ወታደር እስከ መጨረሻው የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ጦራቸውን አግጥመው ግንብ ሲሠሩ ፈረሰኛ ሰብሮ አይገባባቸውም፤ ብዙ ዓመት የሠለጠነውን ሳሙራይ እንኳ ለጊዜው ይዘው ያቆዩታል። ቁም ነገሩ ግን ሞራሉ ላይ ነው። ከጎን ወይም ከኋላ ሲጠቁ፣ አለቃቸው ሲሞት፣ የጎረቤቱ ጭፍራ ሲሸሽ ሲያዩ ሞራላቸው ይወርዳል፤ ዐላማቸው ነጭ ሆኖ መብለጭለጭ ከጀመረ ጀርባ ሊሰጡ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ውጊያ ሳይሆን ማሳደድ ነው፣ ብዙው ሰው የሚያልቀውም ያን ጊዜ ነው፤ በጥንቱ ጦርነትም እንዲሁ ነበር። አንድ ጭፍራ ሲሸሽ ሁለተኛው ይከተላል፤ ዐሥር ደቂቃ የፈጀ ውጊያ በግማሽ ደቂቃ ይፈርሳል። የልጁን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ይህ ነው፤ ፍርሃት እዚህ ጌጥ ሳይሆን የጌሙ ሞተር ነው። እያንዳንዱን ወታደር ለብቻው ማወቅ ግን አይቻልም።

በዚሁ በቶታል ዋር ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ስሪ ኪንግደምስ» ከዳይናስቲ ዋሪየርስ ጋር አንድ ታሪክ ስለሚጋራ ለማወዳደር ይመቻል። ሁለት አማራጭ አለው። በአንደኛው የጦር አለቃው ብቻውን ገብቶ እግረኛውን ይበትናል፤ በሁለተኛው አለቃው ከጠባቂዎቹ ጋር የሚጓዝ ሟች ሰው ነው፣ ጦርነቱንም የሚወስኑት ተራዎቹ ናቸው። ሁለተኛውን ይምረጡ።

ሀብት እየሰበሰቡ ሠራዊት የሚያሠለጥኑበትን «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2»ን የማያውቅ ስለሌለ በአጭሩ ልለፈው፤ ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የመጀመሪያ እትም የመጀመሪያው ጎራዴ ያዥ 60 ምግብና 20 ወርቅ ይፈጃል፣ ባለ ጦሩ ግን 35 ምግብና 25 እንጨት ብቻ ነው። ባለ ጦሩ ወርቅ አለመጠየቁ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ጨዋታው ረዝሞ የካርታው ወርቅ ሲያልቅ ባለ ፈረሱና ባለ ጥሩሩ ቀርተው ሜዳው ላይ የሚተርፈው እርሱ ነው። ጠላት የቀድሞ ባላባት ቢሆንም መጨረሻ ላይ በእንጨት ጦር ይዋጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአፍሪካ ማስፋፊያ ኢትዮጵያውያን ገብተዋል፤ ልዩ ወታደራቸው ሾተል ያዥ ነው፣ በፍጥነት ይሠለጥናል፣ ይሮጣል፣ ኃይለኛ ይመታል፣ ቶሎም ይሞታል። ጦረኛቸውም የሚቀጥለውን ማዕርግ ያለ ክፍያ ያገኛል። ወታደሮቹ የሚመልሱት በአማርኛ ነው። ጌም ቤቴ ውስጥ መጀመሪያ ሲሰማ ፊፋ የሚጫወቱት ሁሉ ጆይስቲካቸውን ይዘው ዞረዋል። በዮዲት ስም የተሠራ ዘመቻም አለው። እዚህ ግን ፍርሃት የሚባል ነገር የለም፤ አንድ የቀረ ጦረኛ ኻያ ፈረሰኛ ላይ ይሮጣል፣ ካላዘዙት በቀር አይመለስም።

ጠላትህ የነበረው የአንተ ሲሆን

«ማውንት ኤንድ ብሌድ ዋርባንድ» የቱርክ ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቷል። ካልራዲያ የምትባለው አገሩ ምናባዊ ስለሆነች ታሪካዊ ጌም ነው ብሎ መጥራት ያከራክራል፤ የጦር መሣሪያውና አደረጃጀቱ ግን ከመካከለኛው ዘመን የተወሰደ በመሆኑ አስገብቼዋለሁ። ምስሉ አርጅቷል፣ የሰዎቹ ፊት ጭቃ ይመስላል። ሆኖም ተራ እግረኛን በሁለቱም ወገን፣ ከላይም ከታችም የሚያሳይ ሌላ ጌም አላገኘሁም።

ተጫዋቹ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ድንጋይ የሚወረውር፣ ዱላ የያዘ የመንገድ ዘራፊ ነው። ቀጥሎ በየመንደሩ ዞሮ ገበሬ ይመለምላል፤ ምልምሉም ልክ እንደ ዘራፊው እርባና የለውም። እየተዋጋ ከተረፈ ማዕርጉ ይጨምራል፣ ልብሱ ይለወጣል፣ ምናልባት ከብዙ ውጊያ በኋላ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ ይሆናል። ከተቃራኒው መስመር የሚመጣውም በዚሁ መንገድ ያደገ ሰው ነው። ሠራዊቱ ይበላል፤ ስንቅ ካለቀ ሞራሉ ይወድቃል፣ ሰውም ይከዳል። ከዐድዋ ጦርነት በፊት የምኒልክ ሠራዊት ስንቅ እያለቀበት እንደነበረ ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ከላይ የተዘረዘሩት ጀግኖች ሁሉ የገደሏቸው ሰዎች ግን ምሳ በልተው አያውቁም።

ልጁ ይህን ጌም ሦስተኛ ቀኑ ላይ ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ምልምል ይዞ ሠላሳ በሚሆኑ ዘራፊዎች ላይ ወጣ። እርሱ በፈረስ ወደ ፊት ሲገሰግስ ድንጋዩ ከኋላው ያሉትን አንድ በአንድ መታቸው። ዞር ሲል አምስት ቀርተዋል፤ ከአምስቱ ሁለቱ ወደ ሜዳው ጠርዝ እየሮጡ ነበር። «ጋሼ፣ የሚፈሩት የእኔዎቹ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤቱ የተቀመጠው ትልቅ ልጅ፣ «ታዲያ ለምን ጥለሃቸው ሄድክ?» አለው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከእግረኞቹ ጋር በርምጃ ይሄዳል።

ባሩድ ከገባ በኋላ ያሉትን ጌሞች በዚህ ንጽጽር አላስገባኋቸውም፤ ተኩሶ የሚደበቅ ወታደር የሚመዘነው በሌላ መለኪያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን፣ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የሚያሳየውን «ባትልፊልድ 1» ግን መክፈቻውን ብቻ እንኳ ቢያዩት መልካም ነው፤ ተጫዋቹ ራሱ ተራው ወታደር ይሆናል፣ በሞተ ቁጥርም የሟቹ ስምና የተወለደበትና የሞተበት ዓመት ይታያል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ወታደር ያልፋል።

ማሽንና መብራት

አቅሙ ዝቅ ያለ ላፕቶፕ ያለው ሰው ዋርባንድን ይውሰድ፤ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ኮምፒውተሩን የማያስጨንቀው እርሱ ነው፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስም ይከተለዋል። ሾገን 2 መካከለኛ ማሽን ይበቃዋል፣ ወታደሩ ሲበዛ ግን ማቃሰቱ አይቀርም። ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው ሱሺማን ያስቀድም፤ ኪንግደም ከም በዚያው ማሽን ላይ ቢሠራም ለመክፈት ያለው ጥበቃ ትዕግሥት ይፈልጋል።

መብራት ከጌሙ ያላነሰ ሊታሰብበት ይገባል። ኪንግደም ከም እንደፈለጉ ሴቭ አያስደርግም፤ የተለየ መጠጥ መጠጣት ወይም አልጋ አግኝቶ መተኛት ያሻል፣ አቋርጦ ለመውጣት የሚያስችል ሴቭ በኋላ ቢጨመርም መብራት ሳያስጠነቅቅ ሲጠፋ አይረዳም። በዚህ ምክንያት አንድ ደንበኛዬ የአንድ ከሰዓት ልፋቱን አጥቶ ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ሳይሰናበተኝ ወጥቷል። ሱሺማ በየጊዜው ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ብቻዎን ሲጫወቱ በማንኛውም ሰዓት፣ ዋርባንድ ደግሞ ካርታው ላይ እስካሉ ድረስ ሴቭ ያስደርጋሉ። ሾገን 2 ካርታው ላይ ይፈቅዳል፣ ውጊያ መካከል ግን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ትልቁን ውጊያ ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ እያለ ይጀምሩት፤ በዴስክቶፕ የሚጫወቱ ከሆነና ሰፈርዎ ምሽት ላይ መብራት የሚቆራረጥበት ከሆነ ደግሞ ጠዋት ይዋጉ።